ለሊቀመንበር የተሰጠ ደም

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ወገብህን ተሻለህ ወይ? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? የላክንልህን ሹራብ ትለብሰዋለህ ወይስ እንደ ልማድህ ለደህና ቀን ብለህ ሻንጣ ውስጥ ደብቀኸዋል? እኔ ለጤናዬ ምንም አልልም። እማዬም ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ሬዲዮዋን ከፍታ ከዜና አንባቢው ጋር ትከራከራለች። ደህና ነን ማለት ይቻላል፤ ደብዳቤ ላይ እንደሚጻፈው ዓይነት ደህና።

የእማዬ የዓይን ቀዶ ሕክምና ቀን ተቆርጧል፤ የመጪው ወር መግቢያ ላይ ነው። ሐኪሟ ሞራውን መጀመሪያ ከቀኝ ዓይኗ ያነሡላትና እሱ ሲሽር ወደ ግራው ይሄዳሉ። ይህ በስልክ የሚነገር ወሬ ነበር፤ አንተ ግን ስልኬን አታነሣም። አልፈርድብህም፣ በአንተ ቦታ ብሆን እኔም አላነሣም ነበር። ለዚህ ነው ወረቀት የያዝኩት። የመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ እንኳ እስከ ታች የምታነብ ሰው ስለሆንክ፣ ጀምረህ እንደማትተወው እተማመናለሁ።

የምለምንህን ከፊት ላስቀምጠውና ልገላገል። ለቀዶ ሕክምናው ና። "እማዬን ፊት ለፊት ማየት አልችልም፣ አትጠብቁኝ" ብለህ የላክልኝን መልእክት አልነገርኳትም። እሷ አሁንም ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የማየው የልጄን ፊት ነው እያለች ለሰፈሩ ሁሉ ታወራለች። እዚሁ አጠገብሽ የምኖረው እኔስ የማን ልጅ ነኝ ብዬ ብቀልድባት፣ አንቺን በኮቴሽም አውቅሻለሁ፣ እሱን ግን መልኩን ረሳሁት አለችኝ። መቀለዴን ተውኩ።

ይቅርታዬንም እዚሁ ልጻፈው። ያን ቀን በስልክ "በመኪናህ ያልገደልከውን በዝምታህ ገደልከው" አልኩህ። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ተሰማኝ፣ መመለስ ግን አልቻልኩም። ምላሴን ቆርጬ ብጥለው በወደድኩ። የተናገርኩት ክፉ ብቻ ሳይሆን ትክክልም አልነበረም። ለምን ትክክል እንዳልነበረ ለማስረዳት ነው ይህን ሁሉ ወረቀት የምጨርሰው።

ሊቀመንበርን ላንተ ማስተዋወቅ አይጠበቅብኝም፤ ስሙን ያወጣህለት አንተ ነህ። አባባ ባረፈ ሰሞን፣ ማናችንም ደፍረን ያልተቀመጥንበት ወንበሩ ላይ ያ ኮሳሳ ቡችላ ዘሎ ወጥቶ ጥቅልል ሲል ሁላችንም ተያየን። አንተ ጉሮሮህን ጠረግ አድርገህ "ምልዓተ ጉባኤው ስለተሟላ ስብሰባው ተጀምሯል" አልክ። እማዬ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው ያኔ ነው። ከዚያ ወዲያ ውሻው ቤቱን ተረከበ። አንተ ለሥራ፣ እኔ ለትምህርት ስንሄድ ከእማዬ ጋር የቀረው እሱ ነበር። ዓይኗ እየደከመ ሲመጣ ደግሞ፣ በረንዳው ደረጃ ጋ ስትደርስ ቀድሟት ይቆምና እግሯን በጎኑ ይገፋላት ነበር። ማንም አላስተማረውም።

በስልክ የነገርከኝን መልሼ ልጻፍልህ። እያለቀስክ ስለነበር ግማሹን በግምት ነው የሰማሁት፤ ከተሳሳትኩ ታርመኛለህ። እኔ የእንስሳት ደም ምርመራ ልማር ርቄ በሄድኩበት ጊዜ፣ አንተ ለእረፍት መጥተህ የጭነት መኪናህን ከግቢ ወደ ኋላ ስታወጣ ሊቀመንበር ከጎማው ሥር ነበር። ዳሌው ተሰበረ፣ ደሙ ፈሰሰ። በብርድ ልብስ ጠቅልለህ መንገድ ላይ ያገኘኸው ክሊኒክ አደረስከው። እዚያ ከሌላ ውሻ ደም ሰጡት፣ አጥንቱን ጠገኑለት፣ ዳነ። እኔ የመጨረሻ ፈተና ላይ ስለነበርኩ አንተና እማዬ ላትነግሩኝ ተማማላችሁ። ስመለስ ሲያነክስ አይቼ ብጠይቅ ከደረጃ ወድቆ ነው አላችሁኝ፣ አመንኩ። ከዚያ በኋላ መንገሪያው ጠፋችሁ። እንዲህ ያለ ነገር በጊዜው ካልተነገረ እየቆየ ሲሄድ ለመናገር ይከብዳል፣ ይህን አጥቼው አይደለም።

አሁን ደግሞ አንተ የማታውቀውን ልንገርህ።

በምሠራበት የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ስሜ ጠርጣሪዋ ነው። ያወጡልኝ ሲያሾፉብኝ ነው፣ እኔ ግን በሆዴ እኮራበታለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ውሻ፣ የሰው ድመት፣ አንዳንዴ የሰው ፈረስ ደም ስመረምር የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ እንስሳ ስለማይናገር ባለቤቱ እንደሚናገርለትና ባለቤት ደግሞ እንደማይታመን ነው። ክፋት የለውም። ያፍራል፣ ወይ ይረሳል፣ ወይ ሚስቱ አልነገረችውም። አንድ ሰውዬ ውሻዬ ምንም አልዋጠም ብሎ ምሎ ተገዝቶ፣ ከሆዱ ካልሲ ስናወጣ አገላብጦ አየና "ለካ ይሄ ነው የጠፋኝ" አለ። ድመቴ ከቤት ወጥታ አታውቅም ያለችኝን ሴትዮ፣ በቅርቡ አያት እንደምትሆን ያበሠርኳት እኔ ነኝ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሰለቸኝና በላቦራቶሪው በር ላይ በትልቁ ጽፌ ለጠፍኩ፤ ባለቤት ምንም ቢል፣ ደም ሳይመሳከር አይሰጥም።

ማመሳከሩ ምን እንደሆነ ላስረዳህ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። ውሻ እንደ ሰው አይደለም። የማይስማማውን ደም ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሰጡት አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ይቀበላል። ሰውነቱ ግን ባዕድ መሆኑን ለይቶ መከላከያ ይሠራለታል። ያው ዓይነት ደም ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣበት የገባውን ቀይ ሴል ሁሉ ማፍረስ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ውሻውንም ይዞት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ከመስጠታችን በፊት የሁለቱን ደም በጠብታ አገናኝተን እናያለን። ከተስማሙ እንዳለ ይቆያል፣ ካልተስማሙ ይጓጉላል። ሻይ ተፈልቶ እስኪጠጣ የሚፈጅ ሥራ ነው፣ ከዚያ አይበልጥም።

የታመመ ዕለት ጠዋት እማዬ ጠራችኝና ሊቀመንበር ቁርሱን እንቢ አለኝ አለች። ኩርፊያ ይሆናል ብዬ ጫማዬን ማሰር ቀጠልኩ። ቀጥላ ደግሞ ሽንቱ ሸተተኝ ስትል ወጥቼ አየሁ። ግቢው ላይ የሸናው እንደ ጠቆረ ሻይ ነበር። ከንፈሩን ገልቤ ድዱን ሳይ ነጭ ሆኗል። የሰው ውሻ ድድ ስገልብ እየዋልኩ፣ አንድ ጣሪያ ሥር የምኖረውን ውሻ ከመቼ ወዲህ እንዳላየሁት ላስታውስ ብል አቃተኝ። ከጆሮው ሥር እንደ ባቄላ ያበጠ መዥገር ነቀልኩ። እማዬን እቤት ቅሪ ብላት፣ ካለ እኔ መርፌ አይወጋም ብላ ጫማዋን አጠለቀች። እውነቷን ነው፣ እኔን ሲነክሰኝ አይተሃል።

ክሊኒክ እንደደረስን ደሙን ቀዳሁ። ውሃ የበዛበት ቀለም ይመስላል። አንዷን ጠብታ መስታወት ላይ አድርቄ፣ ቀለም ነክሬ ማይክሮስኮፕ ሥር ሳስገባት፣ ቀይ ሴሎቹ ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተቀመጡ ተሐዋስያን አየሁ። መዥገር የሚያመጣው የታወቀ የደም በሽታ ነው፤ ደሙን ከውስጥ እየበላ ይጨርሰዋል። ቁርጥ ያለ መድኃኒት አለው፣ ወዲያው ወጋነው። ችግሩ መድኃኒቱ እስኪሠራ ድረስ በደም ሥሩ ውስጥ የቀረው ቀይ ደም ሊያቆየው አይችልም፤ ከጤነኛ ውሻ ሩቡን አይሞላም። ዶክተራችን ድዱንም እኔንም ተራ በተራ አዩና፣ ደም እንስጠውና ጊዜ እንግዛለት፣ ያልፋታል አሉ። እኔም ያልፋታል ብዬ ነበር። ይህ በሽታ ያጠቃቸውን ስንቶቹን ጅራታቸውን እየቆሉ ሸኝተናል።

ደም የሚለግስልን የዶክተሩ የራሳቸው ውሻ ነው፤ ትልቅ፣ ጭምት፣ መርፌ ገብቶበት ብስኩት የሚያኝክ። ደሙ ከረጢት ውስጥ እየሞላ ሳለ ዶክተሩ እንደ ወጉ ጠየቁ፤ ከዚህ በፊት ደም ተሰጥቶት ያውቃል? እኔ ቀና እንኳ ሳልል በፍጹም አልኩ። እንግዲያ ማመሳከሩንስ ሲሉኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜው ነው፣ ጊዜ አናጥፋ፣ ይሰቀል አልኩ። ሳቅ አሉና ጠርጣሪዋ ካመነች እኛ ምን ቤት ነን አሉ።

ገባህ አይደል? እኔ ያን ዕለት ባለቤት ነበርኩ። አለማመንን ሥራዬ አድርጌ የኖርኩ ሰው፣ ከሰው ሁሉ መርጬ ራሴን አመንኩ። በእኔ እጅ ያደገ ውሻ፣ ከእናቴ እግር ሥር የማይጠፋ ውሻ፣ የማላውቀው ነገር ሊኖረው ይችላል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ይኸው እያንዳንዱ ደንበኛ ፊቴ ቆሞ የሚለኝ ቃል ነው። ስንቱን ሰው በዚህ ቃል አሹፌበታለሁ።

ደሙ መጀመሪያ ቀስ ብሎ ሲንጠባጠብ ተረጋግቶ ተኝቶ ነበር፤ እንዲያውም ዓይኑን ገለጥ አድርጎ ያን ጭምት ውሻ በንቀት አየው። ትንሽ ቆይቶ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አስመለሰው። ልቡ እጄ ሥር ይጋልባል። የደሙን ቱቦ ዘጋሁ፣ ዶክተሩ የሚወጋውን ወጉት። ደሙን ድጋሚ ቀድቼ በማሽን ሳሽከረክረው፣ ከላይ የሚጠለለው ውሃ ቀይ ሥር የተቀቀለበት መሰለ። የሰጠነው ደም እየፈረሰ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ሮጬ ያልሠራሁትን ማመሳከር ሠራሁ። መስታወቱ ላይ እንዳገናኘሁት ጓጎለ፤ ማይክሮስኮፕ እንኳ አላስፈለገውም። ዶክተሩ በትከሻዬ ላይ አጎንብሰው አይተው፣ በለሰለሰ ድምፅ ደም ወስዶ እንደማያውቅ እርግጠኛ ነሽ ወይ አሉኝ። በአባቴ ሞት ብዬ ማልኩላቸው። እኚህ ሰው እስካሁን ምክንያቱን ፍለጋ መጽሐፍ ያገላብጣሉ፤ ነገ ሄጄ እነግራቸዋለሁ፣ ፊቴን የት እንደማደርገው ግን አላውቅም።

እማዬን አስገባኋት። ጠረጴዛውን በእጇ ዳብሳ ራሱን አገኘችው። ድምፅዋን ሲሰማ ጆሮውን አንቀሳቀሰ፣ ጅራቱ ግን እንቢ አለው። ዳኝነቱን ለፈጣሪ ሰጥተሃል አንተ ልጅ፣ በል ሂድ አለችው፣ እንደ ሰው። ከሰዓት በኋላ አረፈ። እማዬ አላለቀሰችም። ምን ነክቶት ነው ብላም አልጠየቀችኝም። በታክሲው ውስጥ የሊቀመንበርን ማሰሪያ እጇ ላይ ጠቅልላ ይዛ፣ መንገዱን ሁሉ በመስኮት ወደ ውጪ እንደሚያይ ሰው ፊቷን አዙራ ነበር። የማታየውን መንገድ።

ይህን ሁሉ በማግስቱ ስነግርህ እንቆቅልሽ የምነግርህ መስሎኝ ነበር። እንዲህ የሚሆነው ቀድሞ ደም በወሰደ ውሻ ላይ ነው፣ የእኛው ግን ወስዶ አያውቅም፣ ሳይንሱ ግራ ገባኝ እያልኩ። ከዚያ ተናገርክ። ከዚያ እኔ ተናገርኩ። ከዚያ ዘጋህ።

እስካሁን አንድ ነገር ዘልዬ ነው የመጣሁት። ስጽፍ እዚያ ጋ ስደርስ እስክሪብቶው አልሄድ አለኝ፣ አለፍኩት። አሁን ግን ካልነገርኩህ ይቅርታዬ ባዶ ነው።

ዶክተሩ ደም ተሰጥቶት ያውቃል ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ እማዬ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበረች። በሩ አጠገብ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። እኔ በፍጹም ስል፣ እሷ ልጄ አለች። ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ዝም አልኳት። ቀረብ ብላ ልጄ፣ አንዴ ስሚኝማ፣ እሱ'ኮ አለች። እኔ ምን እንዳልኳት ታውቃለህ? እማዬ፣ አሁን አይደለም፣ እባክሽ እንዳትረብሺን ውጪ ተቀመጪልን አልኳት። ተቀመጪልን። ለጨቅጫቃ ደንበኛ በምናገርበት ድምፅ፣ በሰው ፊት። ዶክተሩ እንኳ አፈሩልኝ። እሷ እሺ አለች። ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች ወጣች፣ ማንም አልደገፋትም። እኔም ቱቦውን ይዤ ስለነበር ዞሬ አላየኋትም።

ይህ ትዝ ያለኝ አንተ ስልኩን ከዘጋህ በኋላ ነው። ወጥ ቤት መሐል ቆሜ ነበር። አንተን ዝም ብለህ ገደልከው ያልኩ ሰው፣ ሊናገር የመጣን ሰው በገዛ አፌ ዝም ያሰኘሁ እኔ ነኝ። አንተ ብትነግረኝ ኖሮ መልካም ነበር፣ አልክድም። ግን ሻይ ተፈልቶ እስኪጠጣ ብታገሥ ደሙ ራሱ ይነግረኝ ነበር፤ አንድ ጊዜ ዞር ብዬ ምን አልሽ እማዬ ብል እሷ ትነግረኝ ነበር። ሁለት በር ተከፍቶልኝ ሁለቱንም ዘግቼ፣ አንተን ለምን በመስኮት አልጠራኸኝም ብዬ ወቀስኩህ።

ከዚያ ወዲህ እማዬ ጋር ስለ እሱ አናወራም። ሰው ሲጠይቃት አርጅቶ ነበር ትላለች፣ አላረጀም። ማታ ማታ እግሯን ይዤ ላሽላት ስል ደህና ነኝ እያለች ትሰበስበዋለች። ተቀይማኝ ይሆን ብዬ ነበር። ቅያሜ ቢሆን ምንኛ በቀለለኝ።

ትናንት ድንች እየላጠች፣ እኔ ዕቃ እያጠብኩ፣ ድንገት ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ልጠይቅሽ አለች። ጎረቤታችን የጡረተኛዋ አዋላጅ ውሻ ታሞባት ነው፣ እሷ አፍራ እኔን ጠይቂልኝ ብላ ነው አለችኝ። ውሻው ከብዙ ጊዜ በፊት ደም ተሰጥቶት ነበር፤ አሁን ድጋሚ ቢሰጠው ይጎዳዋል ወይ? ይህን መናገር የነበረበት ሰው ሳይናገር ቢቀርስ፣ በዚያ ምክንያት ይሞታል ወይ?

ወንድም ጋሼ፣ አዋላጇ ውሻ የላትም። ውሻ ስታይ መንገድ የምትሻገር ሴትዮ ናት፤ ሊቀመንበርን ፈርታ ስንት ዘመን በጓሮ በር ስትመላለስ ኖራለች። ይህን እማዬም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፣ እኔ እንደማውቅም እሷ ታውቃለች። ውሃውን ዘጋሁ። በሥራዬ ላይ ለማንም አለሳልሼ ተናግሬ አላውቅም፤ የሚሞተውን ይሞታል፣ ጥፋትዎ ነው የሚባለውንም ጥፋትዎ ነው ብዬ ነው የኖርኩት። እጄን አደረቅሁና፣ የለም እማዬ፣ ምንም አያመጣም፣ እንዲህ ያለውን ውሻ የሚገድለው የመዥገሩ በሽታ ነው፣ ቢነገርም ባይነገርም ያው ነው አልኳት። ቢላዋዋን አቁማ ሰማችኝ። እርግጠኛ ነሽ አለች። እርግጠኛ ነኝ አልኩ። ይህን ቃል እንደገና ማለቴ ነው፣ በዚህ ወር ለሁለተኛ ጊዜ።

ድንቹን ጨርሳ ልጣጩን በእጇ ጠራርጋ ከሰበሰበች በኋላ፣ እንዲያ ከሆነ ለወንድምሽ ጻፊለት አለችኝ። ለአዋላጇ ንገሪያት አላለችኝም። በስልክ እደውልለታለሁ ስላት ራሷን ነቀነቀች። በስልክ ያለቅሳል፣ ምንም አይሰማም፤ በጽሑፍ ይሁን፣ ሲከፋው እያወጣ እንዲያነበው አለች። ቀጥላም ስትጽፊ ፊደሉን ጎላ አድርጊው አለች። አንተ እንደ ንስር እንደምታይ እያወቀች። ለምን አላልኳትም፣ እሺ ብቻ አልኳት።

ስለዚህ ፖስታው ውስጥ ሁለት ወረቀት ታገኛለህ። ይህ ረጅሙ ያንተ ነው፤ አንብበህ ቅደደው። አጭሩን ግን አጥፈህ ኪስህ ውስጥ ክተትና ይዘኸው ና። ፋሻዋ ተፈትቶ ዓይኗ ከጠራ በኋላ፣ አንድ ቀን በጨዋታ መሐል እህትህ የጻፈችልህን እስቲ ልየው ማለቷ አይቀርም። ያን ጊዜ ምንም ሳትናገር አውጥተህ ስጣት። አደራህን።

ፈጣሪ ከክፉ ነገር ይጠብቅህ፣ መንገድህን ያቅናልህ፣ ከእማዬ ፊት በሰላም ያድርስህ። የተናገርኩህንም ከልብህ ያውጣልህ።

ጥፋቷን የምታውቅ እህትህ

—

ወንድሜ ሆይ፤

እንደምን አለህ? እኛ በጣም ደህና ነን። ስለ ሊቀመንበር ልብህ እንዳይከብድ። የገደለው የመዥገር በሽታ ነው። ድሮ የወሰደው ደም ምንም አላደረገውም፤ ይህን በሙያዬ ነው የምነግርህ። አስቀድሞ ቢነገረኝም ኖሮ ያንኑ ደም ያንኑ ሰዓት እሰጠው ነበር። ሊናገር ፈልጎ ያልተናገረ ሰው ቢኖር፣ በዝምታው የጠፋ ነገር የለም። እኔ ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ስለነበርኩ አውቃለሁ፤ በሰው ፊት ክፉ የተናገረው ሰው ካለም ሌት ተቀን ይጸጸታል።

ቶሎ ና። እማዬ ትጠብቅሃለች።

ታናሽ እህትህ